መብራት ሲጠፋ የማይሞት የአኳሪየም ማጣሪያ፦ ቤት ውስጥ ደረጃ በደረጃ አሠራሩ

«አኳሪየሙን ካጠብኩት ሳምንት አልሞላውም፣ ውሃው ግን ደግሞ ነጭ ሆኗል። ዓሦቹ ላይ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ። የትኛውን ማጣሪያ ልግዛ?» ቃሉ ይለዋወጥ እንጂ ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል። መልሱ አንድ ስለሆነ ከዕቃ ግዢው እስከ መጀመሪያው ዓሣ ድረስ እዚህ ተጽፏል።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ያዙ። የአኳሪየም ማጣሪያ ቆሻሻ ይይዛል፤ ትልቁ ሥራው ግን ባክቴሪያ ማኖር ነው። ዓሣ በአብዛኛው በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያስወጣል፤ የተረፈ ምግብና ኩስም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ በዓይን አይታይም፣ ጥርት ባለ ውሃ ውስጥ ሆኖ ዓሣ ይጨርሳል። አንደኛው የባክቴሪያ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ ናይትራይትም መርዝ ነው። ሌላኛው ወገን ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፤ ናይትሬት ካልበዛ ብዙ አይጎዳም፣ በየሳምንቱ ውሃ ስትቀይሩ ይወጣል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ስፖንጅና ድንጋይ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ ናቸው፣ ኦክስጅንም ይፈልጋሉ። ኦክስጅን ከተቋረጠባቸው በሰዓታት ውስጥ መዳከም ይጀምራሉ።

አዲስ አበባ ላይ ችግሩ እዚህ ነው። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው። 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ውሃ ባሕር ዳርቻ ያለ አገር ላይ እስከ 8.2 ሚሊግራም በሊትር ኦክስጅን ሲይዝ፣ እዚህ የሚይዘው 6.2 አካባቢ ብቻ ነው። በዚያ ላይ መብራት ይጠፋል። ተዘግቶ ከአኳሪየሙ ሥር የሚቀመጠው የታሸገ ማጣሪያ ፓምፑ ሲቆም ውስጡ ያለው ውሃ ኦክስጅኑን ጨርሶ ይገማል፤ መብራት ሲመጣ ያንን ውሃ መልሶ ዓሣው ላይ ይደፋዋል። ስለዚህ እዚህ የምንሠራው ከአኳሪየሙ በላይ የሚቀመጥ፣ ውሃ እየተንጠባጠበ የሚያልፍበት ሳጥን ነው። ውሃውን ያናፍሳል፣ ሲቆም ውሃውን ለአኳሪየሙ ይመልሳል፣ ባክቴሪያዎቹም እርጥብ ሆነው አየር ላይ ይቆያሉ።

ጉድለትም አለው። ውሃው ይተናል፣ በትነቱም ይቀዘቅዛል። ማሞቂያውንና ውሃ መጨመሩን ከወዲሁ አስቡበት።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ዝርዝሩ ልኩ 80 × 35 × 40 ሴንቲሜትር ለሆነ የመስታወት አኳሪየም ነው። በስሌት 112 ሊትር ይይዛል፤ ጠጠሩና ከላይ የሚተወው ክፍተት ሲቀነስ እውነተኛው ውሃ 90 ሊትር ያህል ነው። የእናንተ ከዚህ ቢለይ ርዝመት፣ ወርድና ቁመቱን በሴንቲሜትር አባዙና ለ1,000 አካፍሉ።

- ክዳን ያለው የምግብ ዕቃ ፕላስቲክ ሳጥን፣ 40 × 25 × 20 ሴንቲሜትር ገደማ
- ውሃ ውስጥ የሚቀመጥ ፓምፕ፣ ካርቶኑ ላይ በሰዓት ከ800 እስከ 1,000 ሊትር የሚል፣ ውሃ የሚያነሳበት ከፍታ ቢያንስ 1.2 ሜትር የሆነ
- ለፓምፑ አፍ የሚገጥም ጎማ፣ 1 ሜትር
- ባለ ½ ኢንች የፒቪሲ ቧንቧ 35 ሴንቲሜትር፣ ከነመድፈኛው
- ባለ 1 ኢንች የፕላስቲክ ታንከር ማያያዣ 2 (ሮቶ ላይ የሚገጠመው፣ ከነጎማ ቀለበቱ)፣ ባለ 1 ኢንች ቧንቧ 50 ሴንቲሜትርና 1 ጎሚቶ (የቧንቧ መታጠፊያ)
- ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ (የግንባታ ሰዎች ሬድ አሽ የሚሉት)፣ ታጥቦ 6 ሊትር
- ሸካራ ስፖንጅ፣ 3 ሴንቲሜትር ውፍረት፣ በሳጥኑ ልክ
- ነጭ የትራስ ፋይበር
- ሳጥኑ ወለል ላይ የሚነጠፍ ጠንካራ የፕላስቲክ መረብና ቁመታቸው 2 ሴንቲሜትር የሆነ ቁርጥራጭ ቧንቧዎች
- ሁለት ጠንካራ የአሉሚኒየም ፕሮፋይል፣ እያንዳንዱ 40 ሴንቲሜትር
- 100 ዋት ማሞቂያና ቴርሞሜትር (ሞቃት ውሃ የሚወዱ ዓሦች ለምታረቡ)
- በባትሪም የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ከነስፖንጅ ማጣሪያው
- አሞኒያ፣ ናይትራይት፣ ናይትሬትና ፒኤች (የውሃውን ኮምጣጣነት የሚያሳይ ቁጥር፤ ሲወርድ ኮምጣጣነቱ ይጨምራል) የሚለካ የጠብታ መለኪያ
- ለአኳሪየም ብቻ የሚያገለግል ባልዲና የውሃ መምጠጫ ጎማ

ፓምፑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ለምን እጥፍ ሆነ? ያ ቁጥር ፓምፑ ውሃ ወደ ላይ ሳያነሳ የሚሰጠው ነው። 50 ሴንቲሜትር ሲያነሳና በጎማ ሲያልፍ ብዙውን ያጣል። እኛ የምንፈልገው ሳጥኑ ላይ የሚደርሰው ውሃ በሰዓት 450 ሊትር እንዲሆን፣ ማለትም የአኳሪየሙ ውሃ በሰዓት 5 ጊዜ እንዲዞር ነው።

ስፖንጅ ስትገዙ አፋችሁ ላይ አድርጋችሁ ንፉበት። ትንፋሹ በቀላሉ በሌላው በኩል ከወጣ ቀዳዳዎቹ ክፍት ናቸው፣ ውሃም ያሳልፋል። አብዛኛው የፍራሽ ስፖንጅ ይህን ፈተና አያልፍም፤ በዚያ ላይ ተባይ መከላከያ ወይም ሻጋታ መከላከያ የተነከረ ሊሆን ይችላል። የነሐስ፣ የመዳብና ዚንክ የተቀባ ብረት ማያያዣ አትግዙ። መዳብና ዚንክ ቀስ እያሉ ውሃው ውስጥ ይሟሟሉ፣ ለዓሣም ለሽሪምፕም መርዝ ናቸው።

አሠራሩ

1. ድንጋዩን አዘጋጁ። ቀይ ድንጋዩ የተመረጠው ቀላልና ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። አንዱን ፍሬ ሰብራችሁ ብርሃን ላይ ብታዩት ውስጡ እንደ እንጀራ ዓይን ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፤ ባክቴሪያው የሚሰፍረው እዚያ ላይ ነው። ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር የሆነውን በወንፊት ለዩ። ከዚያ ያነሰው ቀዳዳ ይደፍናል፣ ከዚያ የበለጠው ቦታ ያባክናል። ሲሚንቶ ከነካው ክምር አትውሰዱ፤ ሲሚንቶ የውሃውን ፒኤች ወደ ላይ ይሰቅለዋል።

   ጥቂት ደረቅ ፍሬ ላይ አቼቶ ጠብ አድርጉ። አረፋ ካወጣ ኖራ ነክ ነገር አለበት ማለት ነው፣ ተዉት። ያላወጣውን በባልዲ ውሃ እያሻሻችሁ እጠቡ፤ መጀመሪያ ውሃው ቀይ ጭቃ ይሆናል፣ ከ8 እስከ 10 ጊዜ ስትደጋግሙት ይጠራል። ከዚያ 20 ደቂቃ ቀቅላችሁ አቀዝቅዙት፣ አንድ ሌሊት በንጹሕ ውሃ ዘፍዝፉት። ጠዋት የዘፈዘፋችሁበትን ውሃ ፒኤች ለኩ። ከመነሻው ውሃ ከ0.5 በላይ ከተለወጠ ድንጋዩን ቀይሩ። ሳሙናና በረኪና በምንም ደረጃ ላይ አይገቡም፤ ድንጋዩ ቀዳዳው ውስጥ ይዞ ቆይቶ ይለቀዋል።

2. ሳጥኑን ብሱ። ሁለት ቀዳዳ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ወለሉ ላይ በአንደኛው ጫፍ በኩል ነው፤ ዋናው መውረጃ ይህ ነው። ሁለተኛው እዚያው ጫፍ ጎን ላይ ነው፣ መሐሉ ከሳጥኑ አፍ 4 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ። ይህ የመጠባበቂያ መውረጃ ነው። ፋይበሩ ሲደፈን ውሃው ማለፍ ስለሚያቅተው ሳጥኑ ውስጥ ይነሳል፤ መጠባበቂያ ከሌለ በሳጥኑ አፍ ፈሶ ሌሊቱን አኳሪየሙን ወለል ላይ ይገለብጠዋል። አደራ፣ ይህን ቀዳዳ «ኋላ እሠራዋለሁ» ብላችሁ አትለፉት።

   ክብ መብሻ ያለው ድሪል ካላችሁ በቀስታ ፍጥነት ብሱ፤ ፍጥነቱ ከበዛ ፕላስቲኩ ይቀልጥና ዙሪያው ይጣመማል። የቀዳዳው ስፋት ማያያዣው ጥርስ ልክ ገብቶ የሚያልፍበት ይሁን፣ ለ1 ኢንች 33 እና 34 ሚሊሜትር መካከል ነው። ጎማ ቀለበቱን ከውስጥ በኩል አድርጋችሁ በእጅ አጥብቁ፣ ከዚያ በቁልፍ ሩብ ዙር ብቻ ጨምሩ። ወለሉ ላይ ያለው ማያያዣ ከውስጥ ከፍ ብሎ ከቀረ ጥቂት ውሃ ተኝቶ ይቀራል፤ ከ1 ሴንቲሜትር እስካልበለጠ አይጎዳም።

   ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲሊኮን ቀብቶ ያልፋል። ሲሊኮን መስታወት ላይ ጥሩ ይይዛል፤ የምግብ ዕቃ ፕላስቲክ ላይ ግን የያዘ ይመስልና በሳምንታት ውስጥ ይላጣል። ውሃውን የሚይዘው ጎማ ቀለበቱ ነው።

3. መርጪያውን ሥሩ፤ ፓምፑ በጎማው የሚልከውን ውሃ ፋይበሩ ላይ የሚያከፋፍለው ቧንቧ ማለት ነው። ባለ ½ ኢንቹን ቧንቧ አንድ ጫፍ ድፈኑ። በአንድ መስመር በየ3 ሴንቲሜትሩ ባለ 5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ብሱ፤ 11 ያህል ይሆናል። ውሃው በአንድ ቦታ ብቻ ከወረደ እዚያው ቀጥ ብሎ መንገድ ያበጃል፣ የተቀረው ድንጋይ ደርቆ ይቀራል፣ ስድስት ሊትር ድንጋይ ይዛችሁ በአንዱ ሊትር ብቻ ትጠቀማላችሁ። የሳጥኑ ክዳን ላይ 1 ሴንቲሜትር የሆኑ 10 ቀዳዳዎች ለአየር ክፈቱ።

4. ደርድሩ። ከታች ወደ ላይ፦ ቁርጥራጭ ቧንቧዎች፣ በእነሱ ላይ መረቡ፣ ከዚያ 6 ሊትር ድንጋይ፣ ስፖንጁ፣ ከሁሉም በላይ 1 ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ፋይበር። ቅደም ተከተሉ ምክንያት አለው፦ ኩስና የምግብ ቅሪት መጀመሪያ ፋይበሩ ላይ ይቀራል፣ ፋይበሩ በየሳምንቱ ስለሚወጣ ቆሻሻው ሳይበሰብስ ከውሃው ይለያል። ድንጋዩ ከላይ ቢሆን ጭቃው ውስጡ ገብቶ ቀዳዳውን ይደፍን ነበር። ድንጋዩ መረብ ላይ ከፍ ማለቱ ደግሞ ከሥሩ አየር እንዲገባ ነው። የፋይበሩ ገጽ ከመጠባበቂያው ቀዳዳ በታች መሆኑን አረጋግጡ።

5. አስቀምጡ። ሳጥኑ ውሃ ሲይዝ እስከ 18 ኪሎ ሊመዝን ይችላል። በመስታወት ክዳን ላይ ወይም መሐል ባለው ቀጭን የመስታወት ድልድይ ላይ አታስቀምጡት። ሁለቱን ፕሮፋይሎች ከፊት ወደ ኋላ አጋድሙ፣ መስታወቱን በሚነኩበት ቦታ ጎማ አድርጉ፣ ሳጥኑን በእነሱ ላይ አሳርፉ። የአኳሪየሙ ማስቀመጫም ይታሰብበት፤ መስታወቱ፣ ውሃው፣ ጠጠሩና ሳጥኑ ተደምረው 150 ኪሎ ያልፋሉ። ተራ የቴሌቪዥን መደርደሪያ ይህን አይችልም።

   ዋናውን መውረጃ ከውሃው በላይ 3 ሴንቲሜትር ላይ ጨርሱት። ሲወድቅ ገጹን ይበጠብጣል፣ ኦክስጅን የሚገባው በዚያ ብጥብጥ ነው። ድምፁ እንቅልፍ ከነሳችሁ ገጹን እስኪነካ አስረዝሙት። የመጠባበቂያውን መውረጃ በጎሚቶ አጥፋችሁ ወደ አኳሪየሙ አውርዱት፤ ከገጹ 8 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቁም። ከፍታው ሆን ተብሎ ነው፣ ውሃ በእሱ መውረድ ሲጀምር ድምፁ ይለያል፤ ፋይበሩ እንደተደፈነ ከሌላ ክፍል ሆናችሁ ትሰማላችሁ።

   ፓምፑን አኳሪየሙ ወለል ላይ አታስቀምጡ። ከውሃው ገጽ 15 ሴንቲሜትር ዝቅ አድርጋችሁ በራሱ መለጠፊያ ጎማዎች የመስታወቱ ጎን ላይ ለጥፉት። ጎማ ቢወልቅና ውሃ ወደ ውጭ ቢረጭ ፓምፑ የሚያወጣው እስከ መሳቢያ አፉ ድረስ ያለውን ብቻ ነው፤ ዓሦቹ የሚተርፉበት ውሃ ይቀራል። አፉ ላይ ትንሽ ስፖንጅ አልብሱ፣ ጫጩቶች እንዳይሳቡ።

   ኤሌክትሪክ፦ ገመዶቹ ሁሉ ሶኬቱ ጋ ከመድረሳቸው በፊት ወደ ታች ተንጠልጥለው እንደገና ይውጡ። በገመዱ የሚወርድ ጠብታ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ይንጠባጠባል፣ ሶኬት ውስጥ አይገባም። ዲቫይደሩን ወለል ላይ አትጣሉት፣ ግድግዳ ላይ ስቀሉት። እጃችሁ ውሃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ፓምፑንም ማሞቂያውንም ንቀሉ። ቤታችሁ ቆጣሪ አጠገብ ውሃ ነክ አደጋ ሲፈጠር ራሱን የሚቆርጥ መከላከያ ከሌለ በኤሌክትሪክ ባለሙያ አስገጥሙ።

6. ውሃውን ከክሎሪን አላቁ። የቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ለእኛ ጀርም ይገድላል፣ የዓሣን ስንጥብና ልታራቡት የምትደክሙበትን ባክቴሪያም እንዲሁ። አፉ ሰፊ በሆነ ዕቃ ቀድታችሁ በአየር ፓምፕ እያናፈሳችሁ 24 ሰዓት፣ ያለ ፓምፕ ከሆነ 48 ሰዓት አቆዩት። ክዳኑ የተዘጋ ጀሪካን ወይም ሮቶ ውስጥ የከረመ ውሃ «ክሎሪኑ ጠፍቷል» ተብሎ አይታመንም፤ ጋዙ የሚወጣበት የለውም። የአኳሪየም ክሎሪን ማጥፊያ ካገኛችሁ በመለያው ላይ ባለው ልክ ጨምሩ፣ ወዲያው ይሠራል።

   ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ያላችሁ ይህ በማቆየት አይሆንላችሁም። ከ2000 ጀምሮ እዚያ በዓመቱ አብዛኛው ወራት ውሃው የሚታከመው በክሎራሚን (የክሎሪንና የአሞኒያ ውሁድ) ነው፤ ክሎራሚን በቀናት ውስጥ እንደ ክሎሪን ተንኖ አይወጣም። ክሎራሚንን ጭምር እንደሚያጠፋ መለያው ላይ የተጻፈበትን መድኃኒት ተጠቀሙ።

   ማስጠንቀቂያ፦ እንደ ውሃ አጋር ያለ የመጠጥ ውሃ ማከሚያ አኳሪየም ውስጥ አይጨመርም። «ውሃ ያጣራል» የሚለው ስም ያሳስታል እንጂ ራሱ ክሎሪን ነው። ጥቂት ጠብታ ባክቴሪያውንም ዓሣውንም ይወስዳል።

7. ሞክሩ። ውሃውን ከአኳሪየሙ አፍ 4 ሴንቲሜትር አጉድላችሁ ሙሉ። 1 ሴንቲሜትር ማለት በዚህ መስታወት 2.8 ሊትር ነው፤ ፓምፑ ሲቆም ከሳጥኑ የሚመለሰው ውሃ የሚያርፍበት ቦታ ያስፈልገዋል። ፓምፑን አስነሱና ሦስት ነገር ፈትሹ። አንደኛ፣ መውረጃው ሥር 1 ሊትር ጆግ ያዙ፤ በ8 ሴኮንድ ገደማ ከሞላ በሰዓት 450 ሊትር ነው። 12 ሴኮንድ ከወሰደ ጎማው ተጣጥፎ ወይም ፓምፑ አንሶ ይሆናል። ሁለተኛ፣ መብራት እንደጠፋ አድርጋችሁ ንቀሉት፤ ውሃው ተመልሶ የአኳሪየሙ አፍ ላይ ሳይደርስ መቆሙን እዩ። ሦስተኛ፣ ፋይበሩን በላስቲክ ሸፍናችሁ እንደተደፈነ አድርጉትና ውሃው በመጠባበቂያው ብቻ መውረዱን አረጋግጡ። ከዚያ ላስቲኩን አውጥታችሁ ማያያዣዎቹ ሥር ደረቅ ሶፍት አድርጋችሁ 24 ሰዓት አሠሩት። ሶፍቱ ከረጠበ አሁን አስተካክሉ፣ ዓሣ ከገባ በኋላ ይከብዳል።

8. ባክቴሪያውን አራቡ፣ ያለ ዓሣ። ትዕግሥት የሚጠይቀው ይህ ነው፤ አብዛኛው ዓሣ የሚሞተውም ይህ ስለሚዘለል ነው። ማሞቂያውን 26 ወይም 27 ዲግሪ ላይ አድርጉ፣ ወደፊት የምታረቡት ጎልድፊሽ ቢሆንም። በ18 ዲግሪ ባክቴሪያው በጣም ቀስ ብሎ ይራባል።

   ባክቴሪያው የሚበላው አሞኒያ ያስፈልገዋል። ከኬሚካል መሸጫ አሞኒየም ክሎራይድ ካገኛችሁ ለ90 ሊትር 0.5 ግራም በቂ ነው፤ 2 ሚሊግራም በሊትር ያህል ይሰጣል። ካላገኛችሁ በየሁለት ቀኑ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የዓሣ ምግብ በስስ ጨርቅ ቋጥራችሁ ውሃው ውስጥ አንጠልጥሉ፤ ሲበሰብስ አሞኒያ ይለቃል። ይሸታል፣ ያልፋል።

   በየሁለት ቀኑ ለኩና ጻፉ። መጀመሪያ አሞኒያ ይወጣል። ከ2 ሳምንት ገደማ በኋላ እሱ ሲወርድ ናይትራይት ይነሳል፣ አንዳንዴም መለኪያው ከሚያሳየው በላይ። ከዚያ እሱም ይወርድና ናይትሬት ይታያል። አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ሥራው አለቀ የሚባለው በሊትር 2 ሚሊግራም አሞኒያ ጨምራችሁ በ24 ሰዓት ውስጥ አሞኒያም ናይትራይትም ዜሮ ሲሆኑ ነው። አሞኒያ ዜሮ፣ ናይትራይት 1 ከሆነ አላለቀም።

   ማሳጠር ይቻላል፦ ጤነኛ አኳሪየም ያለው ወዳጅ ካላችሁ ያገለገለ ስፖንጁን ለምኑት። በአኳሪየሙ ውሃ እርጥብ አድርጋችሁ፣ ሳይታሸግ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ አድርሳችሁ ከፋይበራችሁ ሥር አድርጉት። ጊዜው በግማሽ ሊቀንስ ይችላል። ያ አኳሪየም ውስጥ የታመመ ዓሣ ካለ ግን በሽታውን ጭምር ነው የምትወስዱት።

9. ዓሣ አስገቡ። በመጀመሪያ ግማሹን ውሃ ቀይሩ፣ የተጠራቀመው ናይትሬት እንዲወጣ። ከዚያ 5 ወይም 6 ትናንሽ ዓሦች ብቻ። ባክቴሪያው ቁጥሩን የሚያስተካክለው በሚያገኘው ምግብ ልክ ነው፤ ባንዴ 20 ዓሣ ቢገባ አሞኒያው ይቀድመዋል። ሁለት ሳምንት እየለካችሁ ቆዩ፣ ዜሮ ከሆነ ጨምሩ። ጎልድፊሽ ብዙ ስለሚያቆሽሽ ለዚህ መስታወት ሁለት ይበቃል።

10. ሳምንታዊ ሥራ። ፋይበሩን በየሳምንቱ አውጥታችሁ ቀይሩ። ስፖንጁን በየ3 ሳምንቱ ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ ባልዲ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉ፤ ከቧንቧ ሥር አይታጠብም። ድንጋዩ በ6 ወር አንዴ፣ ያውም ግማሹ ብቻ፣ በዚያው በአኳሪየም ውሃ ለቅለቅ ይበል። ስፖንጅና ድንጋይ በአንድ ቀን አይነኩም። ውሃውን በየሳምንቱ ከ20 እስከ 25 በመቶ ቀይሩ፣ ማሞቂያውን ነቅላችሁ፣ ጠጠሩን በመምጠጫው እየመጠጣችሁ። ናይትሬቱ ከ40 ሚሊግራም በሊትር ካለፈ ቅየራውን ጨምሩ።

    የጎደለ ውሃ መሙላት ውሃ መቀየር አይደለም። የሚተነው ንጹሑ ውሃ ነው፤ ናይትሬቱና ጨዉ እዚያው ይቀራሉ፣ እየሞላችሁ ብትሄዱ ይወፍራሉ። በበጋ በተለይ የውሃውን ልክ በየሁለት ቀኑ እዩ፣ ፓምፑ አየር ከሳበ ይቃጠላል።

መብራት ሲጠፋ

ምግብ መስጠት አቁሙ። የባትሪውን አየር ፓምፕ ከነስፖንጅ ማጣሪያው አስነሱ፤ ይህ ስፖንጅ ሁልጊዜ ውሃው ውስጥ ስለሚቀመጥ የራሱ ባክቴሪያ አለው። ከዚያ በየ2 ሰዓቱ ከአኳሪየሙ አንድ ጆግ ውሃ ቀድታችሁ ፋይበሩ ላይ አፍስሱ። ድንጋዩ እርጥብ እስከሆነና አየር እስካገኘ ድረስ ባክቴሪያው ቀኑን ሙሉ ይቆያል። የአየር ፓምፑን ከውሃው ገጽ በላይ አስቀምጡት፣ ወይም ጎማው ላይ ውሃ የማይመልስ ቫልቭ አድርጉ፤ አለበለዚያ ሲቆም ውሃው በጎማው ተስቦ ፓምፑ ውስጥ ይገባል። ብርድ ከሆነ አኳሪየሙን በብርድ ልብስ ከጎን ሸፍኑት፣ ከላይ ግን ክፍት ይሁን።

የሚዘወተሩ ስህተቶችና ምክንያታቸው

ውሃው በመጀመሪያው ሳምንት ነጭ ሆነ። ይህ በአብዛኛው ተንሳፋፊ ባክቴሪያ ነው፣ ራሱ ይጠራል። ሁሉን አፍስሶ እንደገና ማጠብ ግን ሰዓቱን ወደ ዜሮ ይመልሰዋል። አሞኒያና ናይትራይት ለኩ፤ ዓሣ ውስጡ ካለና ከፍ ካሉ 30 በመቶ ክሎሪኑ የወጣለት ውሃ ቀይሩ፣ ነገም ድገሙ።

ዓሦች ላይ ላይ ይተነፍሳሉ። ምክንያቱ ሁለት ሊሆን ይችላል። ኦክስጅን ካነሰ ሁሉም አንድ ላይ፣ በተለይ ንጋት ላይ ይወጣሉ፤ መውረጃውን ከፍ አድርጉት። ናይትራይት ከሆነ ውሃው ኦክስጅን ቢኖረውም ደማቸው ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ውሃ ቀይሩ፣ በሊትር 0.5 ግራም ንጹሕ ገበታ ጨው አሟሙታችሁ ጨምሩ፤ ክሎራይዱ ናይትራይቱ በስንጥብ እንዳይገባ ይሻማዋል።

የከሰል ጉዳይ። የማገዶ ከሰል አክቲቭ ካርቦንን (ለማጣሪያ ተብሎ የተዘጋጀውን ከሰል) አይተካም፤ አመዱ ፒኤች ይጨምራል። አክቲቭ ካርቦን ራሱ የሚያስፈልገው መድኃኒት ከሰጣችሁ በኋላ ቅሪቱን ለማውጣት ነው፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይሞላና ይጣላል። ለዕለት ተዕለቱ አያስፈልግም።

ሁሉ ነገር ደህና ሆኖ ሳለ ከወራት በኋላ አሞኒያ ተመለሰ። ፒኤች ለኩ። ባክቴሪያው ሲሠራ የውሃውን ካርቦኔት (ፒኤች እንዳይወድቅ የሚይዘውን ማዕድን) ይበላል፤ ካርቦኔቱ ሲያልቅ ፒኤች ይወድቃል፣ ከ6 በታች ሲሆን ባክቴሪያው ሥራ ያቆማል ማለት ይቻላል። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው ውሃ ከአቃቂ ጉድጓዶች ከሚመጣው የለሰለሰ (ካርቦኔቱ ያነሰ) ስለሆነ ይህ ችግር እንደ ሰፈሩ ይለያያል። አንድ እፍኝ የተፈጨ ነጭ እምነ በረድ በመረብ ከረጢት ሳጥኑ ውስጥ ማድረግ ቀስ በቀስ ይመልሰዋል። ሆኖም አሞኒያ ባለበት ፒኤችን ባንዴ አታንሱ። በ25 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ፒኤች 7 ሲሆን መርዘኛ የሆነው የአሞኒያው ክፍል ከ1 በመቶ በታች ነው፤ ፒኤች 8 ሲደርስ ግን 5 በመቶ ያልፋል። ያው አሞኒያ በአንድ ሌሊት ገዳይ ይሆናል። መጀመሪያ በየቀኑ 20 በመቶ ውሃ እየቀየራችሁ አሞኒያውን አውርዱ፣ ከዚያ እምነ በረዱን አስገቡ።